ጉልበቱ ወደ ውስጥ ከገባ አይቆጠርም

የተከበራችሁ አሰልጣኞች፣ እንደምን ዋላችሁ። ስለ ክብደት ተይዞ ስለሚሠራ የአንድ እግር ስኳት፣ ማለትም በአንድ እግር ቆሞ ዝቅ ብሎ ስለመነሳት፣ እንድናገር 15 ደቂቃ ተሰጥቶኛል። አብዛኛውን ጉልበት ላይ እንደምጨርሰው ከወዲሁ ልንገራችሁ።

ይህን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሰልጣኙ 16 ኪሎ ኬትልቤል (ከላይ እጀታ ያለው የብረት ክብደት) ደረቱ ላይ አቅፎ በቀኝ እግሩ ይቆማል። እስከ ግማሽ ደህና ይወርዳል። ከዚያ ተረከዙ ከመሬት ለቀቅ ይላል፤ የውስጥ እግሩ ጎድጓዳ ተለጥፎ መሬት ይነካል፤ ጉልበቱ ከአውራ ጣቱ አልፎ ወደ ውስጥ ይገባል፤ በግራ በኩል ያለው ዳሌው ይዘቀዝቃል። ወገቡን አጉብጦ፣ እየተወዛወዘ እንደምንም ይነሳል። እኛስ? «ጎበዝ! አንድ!» እንላለን። ምኑን ነው የቆጠርነው? መነሳቱን ብቻ ከሆነ፣ ከወንበር የሚነሳውንም ሁሉ እንቁጠርለት!

ጉልበት በራሱ አያጠፋም፤ ከላይ ዳሌ፣ ከታች ቁርጭምጭሚት ያዙታል። የዳሌ ጎን ጡንቻ ሲደክም የጭን አጥንት ወደ ውስጥ ይዞራል፣ ጉልበትም ይከተለዋል። ቁርጭምጭሚት ደረቅ ከሆነ ደግሞ ቅልጥም ወደ ፊት መሄጃ ስለሚያጣ እግሩ ወደ ውስጥ ተጣሞ መንገድ ይፈልጋል። ሁለቱ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ፤ መፍትሔያቸው ግን ለየቅል ነው። ስለዚህ ሳትለኩ «ጉልበትህን ወደ ውጭ ግፋ» ብላችሁ አትጩኹ።

መለኪያው ቀላል ነው። ሰልጣኙ ጫማውን ያውልቅ፤ አውራ ጣቱን ከግድግዳ 10 ሴንቲ ሜትር ያርቅ፤ ተረከዙን ሳያነሳ ጉልበቱን ግድግዳ ያስነካ። ካልቻለ ሥራው ከቁርጭምጭሚት ይጀምራል፤ እስኪፈታ ድረስ ተረከዙ ሥር ቀጭን የክብደት ማንሻ ዲስክ አድርጉለት። ከቻለና ጉልበቱ አሁንም ከገባ፣ ወደ ዳሌው ሂዱ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከኋላው 45 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ሳጥን ይቀመጥ። የቆመበት እግር በሦስት ነጥብ መሬት ይያዝ፦ በአውራ ጣት ሥር፣ በትንሿ ጣት ሥር፣ በተረከዝ። ነጻው እግር ወደ ፊት ይዘርጋ። አየር ስቦ ሆዱን ያጠንክር፤ መቀመጫውን ወደ ኋላ እየሰደደ በሦስት ሰከንድ ይውረድ፤ ጉልበቱ በሁለተኛና በሦስተኛ ጣቶቹ አቅጣጫ ይሂድ። ሳጥኑን ይንካ እንጂ አይውደቅበት። ሳይወዛወዝ ይነሳ፤ ከባዱን ቦታ ሲያልፍ ይተንፍስ። በአንድ እግር 5፣ ሦስት ዙር። ሁልጊዜ ደካማው እግር ይጀምር፤ ጠንካራው ከእሱ አይብለጥ። በንጹህ አሠራር 8 ሲሞላ ሳጥኑን 5 ሴንቲ ሜትር ዝቅ አድርጉት። ክብደት ገና ነው!

ክብደትን በተመለከተ አንድ የሚያታልል ነገር አለ። ከ2 እስከ 5 ኪሎ በተዘረጋ እጅ ፊት ለፊት ሲያዝ ሚዛን ስለሚጠብቅ ስኳቱን ያቀለዋል። ያለ ክብደት ወደ ኋላ የሚወድቅ ሰው በ3 ኪሎ ሲወርድ አይታችሁ «ጠነከረ» አትበሉ፤ መደገፊያ ነው የሰጣችሁት። ያው ክብደት ወደ ደረት ሲጠጋ እገዛው ይቀንሳል። ዳምቤል (በአንድ እጅ የሚያዝ አጭር ክብደት) በጎንና በጎን ሲያዝ ደግሞ ያ እገዛ የለም፤ ሲወርዱ መሬት ሊነካም ይችላል። ጭማሪው 2 ኪሎ ይበቃል። ጉልበቱ በገባበት ቅጽበት ዙሩ አብቅቷል፤ ሁለት ይቀረው፣ አራት ይቀረው፣ አብቅቷል!

የቀረውን ባጭሩ፦ ጫማ ጠፍጣፋና ጠንካራ ሶል ያለው ይሁን፤ በዙሮች መካከል 90 ሰከንድ ይረፉ፤ የጭን መቃጠል ያለ ነው፣ ጉልበት ውስጥ የሚወጋ ሕመም ሲመጣ ግን ይቁም።

ግድግዳው ባዶ ነው፣ ሜትሩም እዚህ አለ። ጫማችሁን አውልቁና ከራሳችን ቁርጭምጭሚት እንጀምር።