ካምፑ ሲሰፋ እኛ እንዳንጠብ

አሰላሙ አለይኩም፣ ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን አረፈዳችሁ።

መቀመጫ ያጣችሁ ወደፊት ኑ እዚህ ጋ አግዳሚ አለ፣ እናቶች ከፀሐዩ ግቡ። ድንኳኑ በአንድ ጎኑ እንደተቀደደ አውቃለሁ፣ እሱ አጀንዳ አምስት ላይ አለ አሁን እንዳትጀምሩኝ። ሸሆቻችንም ቄሶቻችንም መርቀው ስለከፈቱልን እናመሰግናለን፣ ወሎ ላይ ስብሰባ ያለ ምርቃት አይጀመርም ቢጀመርም አያልቅም።

የላይኛው ከተማና የታችኛው ከተማ ቅሬዎች፣ እድሮቻችን ማለቴ ነው፣ እስከዛሬ ድንኳን ስንዋዋስና ብረት ድስት ስንዋዋስ እንጂ እንዲህ አንድ ዳስ ስር ተቀምጠን አናውቅም። ቀብር ላይ እንገናኛለን፣ እግዜር ያፅናችሁ፣ አላህ ሰብሩን ይስጣችሁ ተባብለን እንበተናለን። ዘንድሮ ግን ማንም ሳይሞትብን ተሰበሰብን፣ ያሰባሰበን ደግሞ ሊሰፋ ነው የሚባለው የጦር ካምፑ ነው። ይሄ ራሱ አንድ ነገር ነው።

ወሬው በየሰፈሩ የተለያየ ስለሆነ እኔ ያየሁትን ብቻ ልናገር። መስከረም መጨረሻ ላይ ማሽላው ገና እሸት እያለ ሰዎች ባለ ሶስት እግር የመሬት መለኪያቸውን ይዘው ከካምፑ አጥር ወጥተው በወንዙ በኩል ወደ ግጦሹ ሲወርዱ አየሁ፣ በማግስቱ ሄጄ ሳይ ጫፉ ቀይ ቀለም የተቀባ ችካል ተተክሏል፣ አንዱ ማሽላው መሀል፣ አንዱ ግጦሹ ላይ፣ አንዱ ወደ ጠበሉ የሚወስደው የእግር መንገድ ላይ፣ አንዱ ደግሞ፣ እሱን ሳይ ነው ጉልበቴ የከዳኝ፣ ከእስላም መቃብሩ ካብ ወዲህ ሁለት እርምጃ ቢሆን ነው። የማሽላው ባለቤት ችካሉን ይዞ ወዘወዝ እያደረገው "ጋሼ ልንቀለው ወይስ ልተወው" አለኝ። ተወው አልኩት። ቢነቀል መልሰው ይተክሉታል፣ አንተም ወንጀለኛ ትባላለህ። ስልኬን አውጥቼ እያንዳንዱን ፎቶ አነሳሁ፣ ቴሌግራም ግሩፑ ላይ ያያችሁት እሱ ነው። እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ ግን ለማናችንም የደረሰ ደብዳቤ የለም፣ አለኝ የሚል ካለ እጁን ያውጣ። የለም አይደል። በቃ።

አሁን አንድ ነገር ከመጀመሪያው ግልፅ ይሁን፣ እዚህ ዳስ ውስጥ "መከላከያ አያስፈልግም" የሚል ሰው የለም። ጥቅምት 2014 ደሴም ኮምቦልቻም ሲያዙ ልጅ አዝለን አሮጊት ደግፈን በእግራችን የወጣነው እኛው ነን፣ ያኔ ጦሩ የት ነው ስንል እንደነበር አንረሳውም። ግን ጦር አጠገብ መኖር ምን እንደሆነም ከወሎ በላይ ማን ያውቃል? በ1928 ጃንሆይ ጠቅላይ ሰፈራቸውን ደሴ ሲያደርጉ ጣሊያን ህዳር 26 ቀን በአውሮፕላን መጥቶ ከተማይቱን አነደዳት፣ ሆስፒታሉን እንኳ አልማረም፣ ንጉሡ ራሳቸው መትረየስ ላይ ቆመው ሲተኩሱ የተነሱት ፎቶ ዛሬም አለ። ቦንቡ ንጉሡን ፈልጎ መጣ፣ ያገኘው ግን የደሴን ሰው ነው። እማማዎቹ "ካምፑ ከደጃችን ፈቀቅ ይበልልን" ሲሉ እኛ እንስቃለን፣ እነሱ ግን የሚሉት ከእናቶቻቸው የሰሙትን ነው።

እሺ። አሁን ወደሚያሳፍረኝ ልግባ።

አምና የካምፑ ዋና በር ሊዞር ነው የሚል ወሬ መጣ። የታችኞቹ ኮሚቴ ለብቻው ማመልከቻ ፅፎ በሩ በኛ በኩል ይሁን አለ፣ እኛ ደግሞ ሰማንና ለብቻችን ፃፍን፣ በሩ በላይ በኩል ይሁን፣ ሻይ ቤቱም ባጃጁም አከራዩም ይጠቀማል ብለን። ደብዳቤውን የፃፍኩት እኔ ነኝ። በዛ ላይ ምን ብዬ ጨመርኩ መሰላችሁ፣ "የታችኛው ከተማ ውሃ ስለሌለው ለሰራዊቱ አይመችም"። ወላሂ ይሄን ፅፌያለሁ፣ ይቅር በሉኝ። እውነት ነው ታችኛው ውሃ የለውም፣ ግን ለምን የለውም? ምንጩ ላይ እኛ ስለተቀመጥንበት ነው እኮ! ደብዳቤዎቹ አንድ ቢሮ አንድ ጠረጴዛ ላይ ተገናኙ፣ የተቀበለን ሰውዬ ሁለቱንም ጎን ለጎን አስቀምጦ "እናንተ መጀመሪያ ተስማሙና ኑ" ብሎ ሸኘን። ሲያንሰን ነው። በሩም የትም አልዞረም።

የእህቴ ልጅ አሜሪካ ነው ያለው፣ ይሄን ጉድ ስነግረው "ጋሼ እዚህም አገር እንዲህ ያለ ታሪክ አለ" ብሎ ፈልጎ ላከልኝ፣ እኔም እንቅልፍ አጥቼ አነበብኩት። ኒውዮርክ ክፍለ ሀገር ሰሜኑ ጫፍ ላይ፣ ትልቁ ከተማ ሳይሆን በረዶ የሚበዛበት የገበሬ አገር፣ ፎርት ድረም የሚባል ጦር ሰፈር አለ። እ.ኤ.አ. በ1941 ሲስፋፋ 30 ሺህ ሄክታር ገደማ መሬት ወሰደ፣ 525 ቤተሰብ ተነካ፣ አምስት መንደር ሙሉ በሙሉ ጠፋ፣ 24 ትምህርት ቤትና ስድስት ቤተክርስቲያን ባዶ ቀረ። ነገሩ ወራት ነው የፈጀው፣ ጦርነት ነበራ። መቃብሮቹ ዛሬም አጥሩ ውስጥ ናቸው፣ የዘመዶቹ ልጆች በፈቃድ እየገቡ ይጎበኛሉ። መቃብሬን ለማየት ፈቃድ! እዛ ጋ ስደርስ ስልኩን አስቀምጬ ውጭ ወጣሁ።

ያላለቀው ታሪክ ግን ሁለተኛው ነው። ያው ሰፈር በ1980ዎቹ፣ በነሱ አቆጣጠር፣ አንድ ሙሉ ክፍለ ጦር ሊገባበት ሲሆን ዙሪያው ያሉት ከተሞች እንደ በፊቱ ዝም ብለው አልጠበቁም። ሰራዊቱ ቤቱን ሁሉ አጥር ውስጥ ከመደርደር የተወሰነውን በየከተማው በትኖ አሰራ፣ ልጆቹ የከተማውን ትምህርት ቤት ነው የሚማሩት፣ ተኝቶ መታከሚያ ሆስፒታልም ለብቻው የለውም፣ የወታደሩ ሚስት የምትወልደው ከገበሬው ሚስት ጋር አንድ ሆስፒታል ነው። እንግዲህ እዩት፣ አንድ ሰፈር ሁለት ጊዜ ሰፋ፣ አንደኛው መንደር በላ፣ ሁለተኛው ሆስፒታል አሰፋ። እኛ አሁን የትኛው ጋ ነን? ቃኘው ሻለቃ ጦራችን በዘመተባት ኮሪያ ደግሞ ፒዮንግቴክ ከተማ አጠገብ ዴቹሪ የምትባል የሩዝ ገበሬዎች መንደር ነበረች፣ የአሜሪካ ሰፈር ሲሰፋባት ከ900 ሌሊት በላይ ሻማ እያበሩ ተቃወሙ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ትምህርት ቤታቸው ፈረሰ፣ በ2007 ለቀው ወጡ። እሱን ለማስፈራራት አይደለም የማነሳው፣ ሻማው ብቻውን እንደማይበቃ ለማለት ነው።

ሕጉን ደግሞ እንነጋገር፣ አብሽሩ አላሰለቻችሁም። ሕገ መንግሥቱ አንቀፅ 40 ላይ መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም ብሎ የግል ንብረት ሲወስድ ተመጣጣኝ ካሳ በቅድሚያ ይከፍላል ይላል፣ "በቅድሚያ" የሚለውን ቃል አስምሩበት። የ1997ቱ አዋጅ ለገበሬ ካሳ ያለፉት አምስት ዓመት አማካይ ገቢ በ10 ተባዝቶ ነበር፣ አዋጅ 1161/2011 ሲመጣ ካለፉት ሶስት ዓመት ከፍተኛው ገቢ በ15 ይባዛል አለ፣ ቅሬታ ያለውም በ30 ቀን ውስጥ ያቅርብ ይላል። ከዚያ ወዲህ ተሻሽሏል፣ ስለዚህ ማሻሻያውን ይዞ አንብቦ የሚያስረዳን ጠበቃ እንጠይቃለን፣ ከሰው አፍ አንሰማም።

አሁን "ከፍተኛው ገቢ" የሚለውን ልብ በሉልኝ። ማነው ባለፉት ሶስት ዓመት ስንት ኩንታል እንዳገኘ የፃፈ? ማንም። ያ ማሽላው መሀል ችካል የተተከለበት ወንድማችን "ካቻምና ስንት አገኘህ" ስለው "ኧረ ደህና ነበር" አለኝ። ደህና ነበር በ15 ቢባዛ ስንት ይመጣል? (ሳቁ ሳቁ፣ እኔም ቤቴ ገብቼ የራሴን ስፈልግ ያገኘሁት ግድግዳ ላይ በከሰል የተፃፈ ቁጥር ነው፣ እሱንም ሚስቴ ለበዓል ልትቀባው ቀለም ገዝታለች።) ስለዚህ ከነገ ጀምሮ አረንጓዴ የመሬት ይዞታ ደብተር ያለው ደብተሩን ፎቶ ያንሳ፣ ምርቱን ይፃፍ፣ ባህር ዛፉን ጌሾውን ይቁጠር፣ ግጦሹ የወል ስለሆነ የሁለቱም ከተማ ሽማግሌዎች አብረው ዞረው ወሰኑን ይያዙት። መቃብሩንም እንዲሁ። በ1999 በወጣው የካሳ ደንብ መቃብር ማንሳት ራሱ ሂሳብ ተሰርቶለት ነበር፣ አፅም ማዛወሪያው፣ አዲሱ ቦታ ማዘጋጃው፣ የሃይማኖቱ ሥርዓት ሁሉ። ግን እኔን ከጠየቃችሁኝ ስለ መቃብሩ ካሳ መጠየቅ የለብንም፣ አጥሩ ሃያ ሜትር ወደዚያ ይዙር ነው ማለት ያለብን። ሃያ ሜትር ለካምፕ ምን ናት።

አንድ ነገር ቀረኝ፣ ታላላቆቹ እንዳትቆጡ። ከወር በፊት አንዲት ሴት ነጠላዋን አጣፍታ በራፌ ላይ ቆመች፣ ባሏ ካምፑ ውስጥ ነው፣ ታችኛው ከተማ ተከራይታ ነው የምትኖረው፣ ኪራዩ በዓመት ሁለቴ ጨምሮባታል፣ እሱን ግን ልትከስ አልመጣችም። "ቅሬ መግባት እፈልጋለሁ፣ ብሞት ማን ያነሳኛል" አለችኝ። ደንባችን "ነዋሪ" ነው የሚለው፣ የወታደር ሚስት ነዋሪ ናት አይደለችም የሚለውን ማንም አስቦት አያውቅም፣ ነገ ባሏ ቢዛወር ትሄዳለች የሚል አለ፣ እውነቱን ነው ትሄድ ይሆናል። ግን እኛ ካምፑን ሆስፒታሉን ክፈትልን፣ ውሃውን አካፍለን፣ ቤቱን በከተማው ውስጥ ስራ ልንል ነው አይደል እንዴ? እሷን ድንኳናችን ውስጥ ሳናስገባ በምን አፋችን ነው እነሱ አጥራቸውን እንዲከፍቱ የምንጠይቀው? እኔ መዝጋቢውን ስሟን በእርሳስ ፃፍ ብዬዋለሁ። በእስክሪብቶ የሚፃፈው እናንተ ስትወስኑ ነው።

ረቂቁ ደብዳቤ እዚህ አለ፣ አንድ ደብዳቤ፣ ሁለት ማህተም። ውሃ የሚለው መስመር ላይ የታችኛውን ከተማ ስም ከላይኛው አስቀድሜ ፅፌዋለሁ፣ ማስቀየር የሚፈልግ ይናገር። ጸሐፊው ከፍ አድርጎ ያነበዋል፣ ቡናው አቦሉ ደርሷል ይሉኛል፣ ቶና ሳይደርስ ድምፅ እንስጥ። ከኋላ ያላችሁ ይሰማል? ማይኩን ትንሽ ጨምረው፣ እሺ አንብብ።