እንደ ፊሊፒኖዎቹ ብንሆን

የተከበራችሁ እናቶች፣ እህቶች፣ እንደምን ዋላችሁ።

አዘጋጆቹ «ከፊሊፒንስ ምን እንማር?» በሚል እንድናገር ጠይቀውኛል። ኩዌት የሠራን ሁሉ ወሬውን እናውቀዋለን። «እነሱማ መንግሥት አላቸው» እንል ነበር። እውነትም አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2006 መንግሥታቸው ውጭ አገር ለሚሠሩ የቤት ሠራተኞቹ ዝቅተኛው ደመወዝ በወር 400 ዶላር ይሁን ብሎ ወስኗል። እኔ ከአንዲት ፊሊፒናዊት ጋር አንድ ቤት እየሠራሁ 150 ነበር የማገኘው።

አብራኝ የምትሠራውን ፊሊፒናዊት «አቴ» እላት ነበር። በቋንቋቸው ታላቅ እህት ማለት ነው። እሷ ወጥ ቤት፣ እኔ ልጆቹ ጋ። ልጇን ገና በሁለት ዓመት ተኩሉ ለእናቷ ትታ ነው የመጣችው። ለቤተሰቧ የምትልከውን ትልቅ ካርቶን ታሸጋለች፤ ባሊክባያን ቦክስ ይሉታል። ሳሙና፣ የታሸገ ሥጋ፣ ፎጣ፣ ቸኮሌት። ባዶ ቦታ እንዳይቀር ካልሲው ውስጥ ሳይቀር ከረሜላ ትወትፋለች።

አንድ ጊዜ አያትየው የልጁን እግር ወረቀት ላይ አስቁማ፣ ዙሪያውን በእርሳስ አስምራ ላከች። አቴ ወረቀቱን በመቀስ ቆረጠችው። ዓርብ እረፍት ስትወጣ (እኔ እረፍት የለኝም፣ ይሄም ይታወቅ) ያቺን የወረቀት እግር ይዛ ሱቅ ለሱቅ ዞረች። ጫማ ውስጥ እየከተተች ትለካለች። ካርቶኑ በመርከብ ሁለት ወር ስለሚፈጅ አንድ ቁጥር ጨምራ ገዛች። ሲደርስ ጠበበው። ያን ማታ ድንች እየላጥን ነበር። ምንም አላለችም። ልጣጩ ብቻ ወፈረ።

ሁለተኛ ልጅ ትፈልግ ነበር፤ ሴት። «ይህ ኮንትራት ሲያልቅ» ትለኛለች። ኮንትራቱ ሁለት ዓመት ነው። ሲያልቅ የቤቱ ቆርቆሮ መቀየር አለበት፤ ኮንትራቱ ታደሰ። ከዚያ የትምህርት ቤት ክፍያ፤ ታደሰ። ሦስተኛው ሲያልቅ 41 ዓመት ሞላት።

አገሯ ደግሞ ስለ ማህፀኗ ይከራከር ነበር። የወሊድ መከላከያን ለድሃ ሴቶች በነፃ የሚያደርሰው ሕግ ከአሥር ዓመት በላይ ተጎተተ። ጳጳሳቱ ተቃወሙ። እ.ኤ.አ. በ2012 መጨረሻ ተፈረመ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አገደው፤ አብዛኛው አንቀጽ የጸደቀው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። ጳጳሱና ሴናተሩ ሲጨቃጨቁ አቴ መቼ እንደምትወልድ የወሰነው ኮንትራቱ ነበር!

እርጉዝ አለመሆንሽ ካልተመረመረ ጉዞ የለም። ሲንጋፖር ውስጥ የቤት ሠራተኛ በየስድስት ወሩ የእርግዝና ምርመራ አለባት፤ ካረገዘች ወደ አገሯ ነው። ኩዌት ሳታገቢ ካረገዝሽ እስር ነው። የፊሊፒንስ ፕሬዚዳንት የነበሩት ኮራዞን አኪኖ እ.ኤ.አ. በ1988 ሆንግ ኮንግ ላይ ስደተኛ ሠራተኞቹን «አዲሶቹ ጀግኖች» ብለዋቸዋል። ጀግና በየስድስት ወሩ ሽንቷን ታስመረምራለች እንዴ?! የአቴ ወንድም መርከበኛ ነው። ሦስቱም ልጆቹ የተወለዱት ለእረፍት መጥቶ በሄደ በዘጠኝ ወሩ ነው። ለዚህ ብሎ ኮንትራቱን ያቋረጠበት አለ? ሽንቱን የጠየቀው አለ?

የፊሊፒንስ ሴት በአማካይ የምትወልደው ልጅ እ.ኤ.አ. በ2017 2.7 ነበር፤ በ2022 1.9 ሆነ። ሁሉን በስደት አላላክክም። ትምህርቱም መከላከያውም አለበት። ግን አቴም እዚያ ቁጥር ውስጥ አለች።

ስለ ፍቺም ልናገር ነበር፣ ሰዓት አልቋል እያሉኝ ነው። ባጭሩ፣ ሙስሊም ካልሆንሽ ፊሊፒንስ ውስጥ ፍቺ የለም። በላክሽው ብር ባልሽ ሌላ ሴት ቢያስገባ፣ ጋብቻው እንዳልነበረ ይቆጠር ብሎ ፍርድ ቤት መመላለስ ብዙ ገንዘብ ነው። ስለ አያቶቹም ነበረኝ። ይቅር።

አዘጋጆች፣ 400 ዶላሩን ጠይቁልን፤ እንፈልገዋለን። ውል ስትፈርሙ ግን የእርግዝናውን አንቀጽ ጮክ ብላችሁ አንብቡልን። አቴ አሁንም ኩዌት ናት። አመሰግናለሁ።