የተፋቀ የጣውላ ወለል ምን ይቀባ?

[ምስል፦ በአዲስ አበባ የድሮ ቤት ሳሎን፤ ገና የተፋቀ የጣውላ ወለል]

ተራኪ፦ የቆየ ቀለሙና ሰሙ ተፍቆ የተነሣለት ወለል ዓይን ይስባል፤ ይሁን እንጂ ለጉዳት የሚጋለጠውም ያኔ ነው። የፈሰሰ ቡናም ሆነ የርጥብ ቄጠማ ውኃ ወዲያው ወደ እንጨቱ ስለሚሰርግ፣ ምን እንደሚቀባ ከመፋቁ በፊት መወሰን ይገባል።

ምርጫው በመሠረቱ በሁለት ነገሮች መካከል ነው፤ እነርሱም በእንጨቱ ላይ ሽፋን ሠርቶ የሚደርቅ ቫርኒሽና ወደ ውስጥ ሰርጎ የሚቀር ዘይት ናቸው።

[ምስል፦ ግማሹ በዘይት ቫርኒሽ፣ ግማሹ በውሃ ቫርኒሽ የተቀባ የዝግባ ጣውላ]

ፖሊዩሬቴን የሚባለው ቫርኒሽ በዘይትም በውሃም የተሠራ ይገኛል። የዘይቱ እንጨቱን የማር መልክ ይሰጠዋል፣ እያደርም ይበልጥ ይቢጫል፤ ይህ ለቀላ ያለ ጥድ ሲያምርበት የነጣውን ዝግባ ግን መልኩን ያስለውጠዋል። የውሃው በቆርቆሮው ውስጥ ወተት ቢመስልም ሲደርቅ ጥርት ይላል። ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ውስጥ ለቀጣዩ ቅብ ይደርሳል፣ ሽታውም ቀለል ያለ ነው። የዘይቱ ግን አንድ ሌሊት ወይም ከዚያ በላይ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ሥራው እስኪያልቅ ሌላ ማረፊያ ለሌለው ቤተሰብ የውሃው ይሻላል።

[ምስል፦ ከረከቦት አጠገብ የከሰል ምድጃ፤ በወለሉ ላይ ትንሽ የተቃጠለ ነጥብ]

ቡና በየቀኑ በሚፈላበት ሳሎን ግን እኔ የምመርጠው ዘይትን ነው። ከምድጃው የወደቀች ፍም ማናቸውንም ቅብ አልፋ እንጨቱን ታጠቁራለች፤ ልዩነቱ የሚታየው በጥገናው ላይ ነው። ዘይት በተቀባ ወለል ላይ የጠቆረችውን ቦታ ብቻ ፍቆ እንደገና መቀባት ሲቻል፣ በቫርኒሽ ላይ የተደረገ ጥገና ጠርዙ ተለይቶ ስለሚታይ ብዙ ጊዜ ክፍሉን በሙሉ ማደስ ያስፈልጋል። በአንጻሩ ዘይት የቆመ ውኃን እንደ ቫርኒሽ አይችልም፤ ቄጠማ ርጥብ እንደሆነ ካደረበት ወለሉ ላይ እድፍ ይቀራል። ውኃ ለሚበዛበት ማድ ቤትና መተላለፊያ ቫርኒሹ ይመረጣል።

ወለሉ ዘይት የሚቀባ ከሆነ ፍቀቱ በ100 ወይም በ120 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ላይ ቢቆም መልካም ነው፤ ከዚያ በላይ የለሰለሰ እንጨት ዘይቱን በሚገባ አይጠጣም። ቫርኒሽ ከሆነ ደግሞ በየስንጥቁ የቀረ ሰም ቅቡ እንዳይዝ ስለሚያደርግ ተጠርጎ መውጣት አለበት።

[ምስል፦ በግቢ አጥር ላይ ተዘርግተው የሚደርቁ ጨርቆች]

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባ አደጋ አለ። የተልባ ዘይትና መሰሎቹ ሲደርቁ ከአየር ጋር እየተዋሐዱ ሙቀት ስለሚፈጥሩ፣ ዘይት የጠጣ ጨርቅ ተጠቅልሎ ወይም ተከምሮ ከተተወ ክብሪት ሳይነካው ሊቀጣጠል ይችላል። ጨርቆቹ ከቤት ውጭ አንድ በአንድ ተዘርግተው ይድረቁ፣ ወይም ውኃ በተሞላ ክዳን ያለው ቆርቆሮ ውስጥ ይነከሩ።

ቅቡ ሲነካ ቢደርቅም ጠንክሯል ማለት አይደለም፤ የዘይት ቫርኒሽ ሙሉ ጥንካሬውን የሚያገኘው በ30 ቀን ገደማ ስለሆነ፣ ምንጣፍ እስከዚያ ድረስ ባይነጠፍበት ይመረጣል።