ሳይመረቁ ማመልከት

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነው የማወራው። ጉዳዬም አሜሪካ ውስጥ ሳይንስ ወይም ኢንጂነሪንግ ተምራችሁ የመጨረሻ ዓመት ላይ ላላችሁ ነው፤ ስለ ናሽናል ሳይንስ ፋውንዴሽን፣ ማለትም ለምርምር ገንዘብ ስለሚሰጠው የአሜሪካ መንግሥት ተቋም፣ የድህረ ምረቃ ፌሎውሺፕ (ለተማሪ የሚሰጥ የገንዘብ ድጋፍ)።

ከ1952 ጀምሮ የሚሰጥ ነው። ብዙ ተማሪ ግን «ይሄማ ፒኤችዲ ለጀመሩ ነው» ብሎ ያልፈዋል። አይደለም! ገና የትም ሳትገቡ ማመልከት ትችላላችሁ፤ የአሜሪካ ዜግነት ወይም ግሪን ካርድ ካላችሁ። ይህን ደግሞ ልብ በሉልኝ፦ ድህረ ምረቃ ከገባችሁ በኋላ የሚፈቀድላችሁ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ሳትመረቁ የሞከራችሁት ከዚያ ላይ አይቆጠርም። ታዲያ ለምን ይቅርባችሁ?

ገንዘቡ በቅርብ ዓመታት ለተማሪው በዓመት 37,000 ዶላር ነበር፣ ለሦስት ዓመት። እኔን የሳበኝ ግን መጠኑ አይደለም። በራሳችሁ ስም ስለሚመጣ፣ የምትመራመሩበትን ላብራቶሪ ስትመርጡ «አማካሪው ፕሮፌሰር ለእኔ የሚከፍለው አለው ወይ?» የሚለው ጭንቀት ይቀላል። የምትወዱትን ጥያቄ ይዛችሁ በር ታንኳኳላችሁ።

ከባዱ የምርምር ዕቅዱ ነው፤ 2 ገጽ ብቻ። እኔ የጻፍኩት ድርቅ አፈር ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎችን እንዴት እንደሚለውጥ ነበር። መምህሬ ረቂቁን አንብበው ጠርዙ ላይ አንድ ነገር ብቻ ጻፉልኝ፦ «ምንም ለውጥ ባይታይስ?» ቁጭ ብዬ አሰብኩበት። ለውጥ ካልታየ ባክቴሪያዎቹ ድርቁን ችለውታል ማለት ሊሆን ይችላል፤ ወይም እኛ የለካነው ጊዜ አጭር ነው። ሁለቱን የሚለይ ሙከራ ጨመርኩ፣ ለእሱም ቦታ ለማግኘት መግቢያውን ግማሽ አደረግኩት። ዕቅዱ ዕቅድ የሆነው ያኔ ነው ብዬ አምናለሁ። ገምጋሚው ከእናንተ የተጠናቀቀ ውጤት አይጠብቅም፤ እንዴት እንደምታስቡ ነው የሚያየው። ብታሸንፉም የጻፋችሁትን ፕሮጀክት የግድ ሥሩት አትባሉም። ድጋፉ ለሰውዬው ነው።

ምርምሩ ለኅብረተሰቡ ምን ይጠቅማል የሚለውም ራሱን የቻለ መመዘኛ ነው። እባካችሁ መጨረሻ ላይ በሁለት መስመር አትለፉት። ታናናሾቻችሁን ሒሳብ ስታስጠኑ ከነበረ፣ እሱን ጻፉ፤ ማንን፣ ምን፣ እንዴት እንዳስጠናችሁ።

የድጋፍ ደብዳቤ ስትጠይቁ ስመ ጥር ፕሮፌሰር አትፈልጉ። ሙከራው ሲበላሽባችሁ አጠገባችሁ የነበረውን ሰው ጠይቁ፤ ስለ እናንተ የሚናገረው አለው። ክፍል ውስጥ ኤ የሰጣችሁ ሰው ግን ብዙውን ጊዜ ከውጤታችሁ ሌላ የሚጨምረው የለም። ረቂቃችሁንም አብራችሁ ላኩለት፣ ደብዳቤውና ዕቅዱ እንዲናበቡ።

ማመልከቻው የሚዘጋው በመጸው ነው፣ ልክ ትምህርቱ በሚከብድበት ሰሞን። ቀኑ እንደየዘርፉ ስለሚለያይ የራሳችሁን ከአሁኑ እዩት፤ ደብዳቤ የሚጽፉላችሁን ሰዎች ደግሞ ክረምቱ ሳያልቅ አናግሯቸው።