ዲስኩን በእጅ ገፍቶ የሚመልስ የለም

እንደምን ናችሁ? ዛሬ ስለ ወገብ ነው የማወራው። በተለይ ከወገብ ተነስቶ፣ በመቀመጫና በጭን ኋላ አድርጎ እግር ጣት ድረስ ስለሚወርደው ህመም። ሳያቲካ ይሉታል። ይህን ህመም አውቀዋለሁ። ካልሲ ማድረግ ትልቅ ሥራ የሚሆንበትን ጠዋት አውቀዋለሁ። ስታስነጥሱ እግራችሁን ኤሌክትሪክ የያዘው ነው የሚመስለው።

ብዙ ሰው ይህ ህመም ሲይዘው ዲስኩ፣ ማለትም በአከርካሪ አጥንቶች መሃል ያለው ትራስ፣ ከቦታው ወልቆ የሄደ ይመስለዋል። እንደዚያ አይደለም። ዲስክ ከላይና ከታች ካሉት አጥንቶች ጋር ተጣብቆ የተያዘ ነው። ዙሪያው ጠንካራ ሽፋን ነው፤ መሃሉ ለስላሳና ዝልግልግ ነው። ሽፋኑ ሲሳሳ ወይም ሲሰነጠቅ የመሃሉ ይገፋል፣ አንዳንዴም ይወጣል። አጠገቡ ያለውን የነርቭ ሥር ሲጫነው ወይም ሲያስቆጣው እግር ያማል፣ ይደነዝዛል። አብዛኛውን ጊዜ ይህ የሚሆነው በመጨረሻዎቹ ሁለት የወገብ ዲስኮች ላይ ነው።

ስለዚህ «ዲስኩን ወደ ቦታው እመልሰዋለሁ» የሚል ባለሙያ ካጋጠማችሁ ተጠንቀቁ። በእጅ ገፍቶ የሚመልሰው ሰው የለም።

ታዲያ ካይሮፕራክቲክ፣ ማለትም አከርካሪን በእጅ የማከም ሙያ፣ ምን ይሠራል? ስሙን ስንሰማ ብዙዎቻችን የሚታየን ጀርባን ጠምዝዞ «ቋ» ማድረግ ነው። ሙያው እ.ኤ.አ. በ1895 አሜሪካ ውስጥ በዳንኤል ዴቪድ ፓልመር ሲጀመር በእጅ ገፋ ማድረግ ዋናው ነገር ነበር። ዛሬ ግን ረጋ ያሉ መንገዶችም አሉ።

እኔን ያከመችኝ ባለሙያ ወገቤን ከመንካቷ በፊት ብዙ ጠየቀችኝ። በጀርባዬ አስተኝታ፣ ጉልበቴ ሳይታጠፍ እግሬን ቀስ አድርጋ አነሳችው። ህመሙ የት ላይ እንደሚጀምር አየች። በተረከዜ፣ ከዚያ በእግር ጣቶቼ አራመደችኝ። የእግሬን አውራ ጣት ወደ ላይ እንድስብ አድርጋ በእጇ ተቃወመችው፤ ጉልበቱ መድከም አለመድከሙን ለማየት ነው።

ከዚያ በሆዴ ተኛሁ። አልጋው መሃሉ ላይ የሚታጠፍ ነው። አንድ እጇን ወገቤ ላይ አሳረፈች፤ በሌላው የአልጋውን የታችኛውን ክፍል ቀስ እያደረገች ወደ ታች ታወርደዋለች፣ ትመልሰዋለች። ደግማ ታወርደዋለች። ድምፅ የለም፣ መጠምዘዝ የለም። «እግርህ ላይ ከባሰብህ ወዲያው ንገረኝ» አለችኝ። ይህ ሕክምና ፍሌክሽን ዲስትራክሽን ይባላል። የታሰበው በዲስኩና በነርቩ ላይ ያለውን ጫና ለጊዜው ማቅለል ነው።

ለጊዜው የሚለውን አስምሩበት። ዋናውን ሥራ የሚሠራው ራሱ ሰውነት ነው። ከዲስክ የወጣው ክፍል ብዙ ጊዜ በራሱ እየሟሸሸ ይሄዳል፤ የሰውነት መከላከያ ሴሎች ይበሉታል። አብዛኛው ሰው በሳምንታት ወይም በጥቂት ወራት ውስጥ ያለ ቀዶ ሕክምና ይሻለዋል። እ.ኤ.አ. በ2017 የአሜሪካ የሐኪሞች ኮሌጅ የተባለው የሐኪሞች ማኅበር ለወገብ ህመም ከመድኃኒት በፊት ሊሞከሩ ይገባል ካላቸው መካከል በእጅ የሚሰጥ የአከርካሪ ሕክምና አንዱ ነው። ለሳያቲካ ግን ማስረጃው ደከም ያለ ነው። እኔ ሕክምናውን የምወደው እያዳነኝ ነው ብዬ ሳይሆን፣ ሰውነቴ ሥራውን እስኪሠራ እንድንቀሳቀስ ስለረዳኝ ነው። መንቀሳቀስ ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም። አልጋ ላይ ሙጭጭ ማለት አይጠቅምም።

አንድ ነገር ልጨምር። ህመሙ ከእግር ጣት ለቆ ወደ ባት፣ ከባት ወደ መቀመጫ ከተሰበሰበ፣ ወገቡ ትንሽ ቢብስ እንኳ ብዙ ጊዜ ጥሩ ምልክት ነው። እኔ ይህን ሳላውቅ ወገቤ ባመመኝ ቁጥር እደነግጥ ነበር።

አሁን በደንብ ስሙኝ። ብልት አካባቢና ጭን መሃል ከደነዘዘ፣ ሽንት አልወጣ ወይም አልቆጠር ካለ፣ ሰገራ ካመለጠ፣ እግር እየሰነፈ ከሄደ፣ ካይሮፕራክተር ጋ አትሂዱ። በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ያኔ ቀዶ ሕክምና የሚፈራ ሳይሆን የሚፈለግ ነገር ሊሆን ይችላል።

የመጀመሪያ ቀን «ለውጥ ካላየሁ መቼ ነው ሌላ መንገድ የምንሞክረው?» ብላችሁ ጠይቁ። ጥሩ ባለሙያ ቀን ይቆርጥላችኋል። ሳይመረምር የወራት ክፍያ አስቀድማችሁ ክፈሉ የሚላችሁን ግን አመስግናችሁ ውጡ።