አሞት የነበረ እንሽላሊት ልቀበል ወይስ ይቅርብኝ?

(ካሜራ ግቢው ውስጥ፣ ጠዋት ፀሐይ፣ ቡሬ ድንጋይ ላይ ተኝቷል)

ሰላም ናችሁ፣ ዛሬ የምቀርፅላችሁ ከጎንደር ማራኪ ከራሴ ግቢ ነው፣ ይሄ የምታዩት ደግሞ ቡሬ ይባላል። የኛ አገር እንሽላሊት አይደለም፣ ቢርድድ ድራጎን ነው የሚሉት፣ ዘሩ ከአውስትራሊያ ደረቅ መሬት ነው፣ ሲቆጣ አገጩ ስር ያለው ቆዳ እንደ ጢም ይነፋና ይጠቁራል። ጓደኛዬ ከአገር ሊወጣ ስለሆነ "አንተ ካልወሰድከው ለማን ልስጠው" አለኝና ወዲያው ደግሞ "አምና አሞት ነበር፣ አሁን ግን ድኗል" አለኝ፣ ያቺ "ድኗል" የምትለዋ ቃል ናት እንቅልፍ የነሳችኝ።

የውጭ እንስሳ ስለሆነ መጀመሪያ ያየሁት የመግቢያ ፈቃዱንና የጤና ወረቀቱን ነው፣ እናንተም ወረቀት ከሌለው እዛው ላይ አቁሙ። ከአጥር ላይ እስስት ይዞ ቤት ማምጣትም መፍትሄ አይደለም፣ እሷ የዱር እንስሳ ናት፣ ተዉአት።

አሁን ወደ በሽታው። ቡሬን ያመመው አጥንቱን ነው። እነዚህ እንስሳት ካልሲየም ቢበሉም እንኳ አንጀታቸው በደንብ የሚወስደው ቫይታሚን ዲ ሲኖር ነው፣ እሱን ደግሞ ቆዳቸው የሚሰራው ዩቪቢ የሚባለው የፀሐይ ጨረር ሲያርፍበት ነው፣ ጨረሩ ከጠፋ ሰውነቱ ካልሲየሙን ከራሱ አጥንት ላይ መውሰድ ይጀምራል፣ መንጋጋው ይለሰልሳል፣ እግሩ ይጣመማል፣ ጣቶቹ ይንቀጠቀጣሉ። ጓደኛዬ ሳጥኑን መስኮት አጠገብ አድርጎት ነበር፣ "ፀሐይማ ያገኛል" ብሎ አምኖ፣ ግን የመስኮት መስታወት ብርሃኑን ያሳልፋል እንጂ ዩቪቢውን አብዛኛውን ያስቀረዋል። አምፖሉም ቢሆን አርጅቷል፣ እነዚህ አምፖሎች እየበሩም ጨረራቸው እየደከመ ስለሚሄድ እንደየዓይነቱ በየ6 ወሩ ወይ በየዓመቱ መቀየር አለባቸው፣ መብራቱን በአይን አይቶ "ይሰራል" ማለት አይቻልም።

ስለዚ እኔ ራሴን የጠየኩት ድኗል ወይ ብዬ አይደለም፣ ያሳመመው ነገር እኔ ቤት አለ ወይ ብዬ ነው። የተጣመመ እግር ተመልሶ አይቃናም፣ የቡሬ የኋላ ግራ እግር እንደዚሁ ይኖራል፣ እሱ ብዙም አያሳስበኝም፣ ተለማምዶታል። እኔን የሚያሳስበኝ አጥንቱ እንደገና እንዳይለሰልስ ነው።

(ቅርብ ምስል፦ መንጋጋና እግር)

እንስሳውን ስታዩ እንዲህ እዩት። ሲሄድ ሆዱን ከመሬት ያነሳል ወይስ ይጎትታል? መንጋጋው ጠንካራ ነው? አይኑ ክፍት ነው? የጭራው ስር ሞላ ብሏል ወይስ አጥንቱ ይቆጠራል? ፀሐይ ላይ ሆኖ አፉን ቢከፍት አትደንግጡ፣ ሙቀት እያስወጣ ነው፣ ጥላ ውስጥ ሆኖ አፉን ከፍቶ የሚተነፍስ ወይ አፍንጫው ላይ አረፋ ያለው ግን ሳንባውን ሊሆን ይችላል። ኩሱንም ለምርመራ ውሰዱ፣ አንጀት ውስጥ ያለ ጥገኛ ተውሳክ በአይን አይታይም። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ህክምና ኮሌጅ አለው፣ ቀድማችሁ ግን እንሽላሊት የሚያይ ሐኪም መኖሩን ጠይቁ፣ አብዛኛው ሐኪም የሚውለው ከብትና አህያ ጋ ነው።

ጎንደር ለዚህ እንስሳ ጥሩም ክፉም ናት። ከባህር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ነን፣ በጋ ላይ የጠዋቱ ፀሐይ ራሱ መድሃኒት ነው፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ ግማሽ ሰዓት ያህል በወንፊት ሽቦ ሳጥን፣ አንዱ ጎን ጥላ ሆኖ፣ ድመትና ጭልፊት እየጠበቅን ማለት ነው፣ መስታወት ሳጥን ውስጥ አድርጋችሁ ፀሐይ ላይ ካስቀመጣችሁት ግን በደቂቃዎች ውስጥ ይቀቀላል፣ እባካችሁ። ክፉው ሐምሌና ነሐሴ ነው፣ ደመና፣ ብርድ፣ ላዩ ላይ መብራት ሲጠፋ። ቡሬ የሚሞቅበት ቦታ 40 ዲግሪ አካባቢ መሆን አለበት፣ ካልሞቀ የበላውን መፍጨት አይችልም፣ ምግቡ ሆዱ ውስጥ ይቀመጣል። ስለዚ በደንብ ሳይሞቅ አላበላውም፣ ሊመሽ ሲልም አላበላውም። መብራት ሲጠፋ ደግሞ በሃይላንድ ሙቅ ውኃ ሞልቼ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ አጠገቡ አደርግለታለሁ፣ ሳጥኑ ላይ ጋቢ ጣል አደርጋለሁ፣ አየር እንዲገባው አንዱን ጎን ክፍት ትቼ።

ምግቡ ቀላል ነው ብል አልዋሽም። ጎመን በየጉልቱ አለ፣ ዱባ አለ፣ የበለስ ቅጠል እሾሁ ተለቅሞ ይበላል። ቆስጣ ግን የዘወትር አይሁን፣ ውስጡ ያለው ነገር ካልሲየሙን ስለሚይዝበት አጥንቱን ለታመመ አይጠቅምም፣ አቮካዶማ ጭራሽ አይቀመስም። ፌንጣ ከማሳ አላመጣም፣ ፀረ ተባይ የተረጨበት ሊሆን ይችላልና። የካልሲየም ዱቄቱን ጓደኛዬ ትቶልኛል፣ ሲያልቅ የእንቁላል ቅርፊት ቀቅዬ አድርቄ እንደ በርበሬ አልሜ እፈጫለሁ።

እማዬን ሳላማክር አልወሰንኩም። "ልጄ፣ ህፃን አለ ቤት ውስጥ" አለችኝ፣ ልክ ናት፣ የእህቴ ልጅ 3 ዓመቷ ነው፣ እንሽላሊት ጤነኛ ሆኖም ሳልሞኔላ ሊይዝ ይችላል፣ ከ5 ዓመት በታች ያለ ልጅ ባይነካው ነው የሚሻለው። ስለዚ ሳጥኑ እኔ ክፍል፣ በሩ ዝግ፣ የውኃ ዕቃው የሚታጠበው ከኩሽና ውጪ፣ እጅ በሳሙና። እማዬ በዚህ ተስማማች፣ እኔም ያለሷ ስምምነት አልቀበለውም ነበር፣ ይሄ እንስሳ 10 ዓመትና ከዛ በላይ ሊኖር ስለሚችል እኔ ስራ ስሄድ የምታየው እሷ ናት።

ጓደኛዬን "ሁለት ሳምንት ስጠኝ፣ ሞክሬ ልንገርህ" አልኩት፣ እሱም ገባው። በየጠዋቱ ከመብላቱ በፊት በትንሽ ሚዛን እመዝነዋለሁ፣ ክብደቱ ቀን በቀን ከወረደ ሳልጠብቅ ሐኪም ጋ ነው። መጀመሪያ ቀን 318 ግራም ነበር፣ ሁለተኛው ቀን 311፣ ደነገጥኩ፣ ቦታ ስለቀየረ አልበላም ነበር። ዛሬ አምስተኛው ቀን ነው።

(ካሜራ ሚዛኑ ላይ)

እዩት፣ 316።