ስለ ዲካልብ ትምህርት ቤቶችና ስለ እኛ፦ ለማህበራችን ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የማህበራችን አባላት፣ ክቡራን እናቶችና አባቶች፣

የሥራ ፈረቃችሁን ተቀያይራችሁ፣ አንዳንዶቻችሁም ከሌሊት ሥራ በቀጥታ መጥታችሁ በዚህ ዓመታዊ ጉባኤ ስለተገኛችሁ በሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴው ስም ከልብ አመሰግናለሁ። የሒሳቡን ሪፖርት ገንዘብ ያዣችን፣ የቅዳሜውን የአማርኛ ትምህርት ደግሞ አስተባባሪዋ ያቀርባሉ። እኔ ልጆቻችን ስለሚማሩበት፣ በአሜሪካ ጆርጂያ ስቴት ስላለው የዲካልብ ካውንቲ የትምህርት ዲስትሪክት አመራርና በዚያ አመራር ፊት እኛ እንዴት እንደቆምን ለመናገር ፈቃዳችሁን እጠይቃለሁ።

በጆርጂያ ረጅም ዓመት የኖራችሁ እ.ኤ.አ. የ2012ን ታኅሣሥ ታስታውሳላችሁ። ለትምህርት ቤቶች እውቅና የሚሰጠው የደቡብ ኮሌጆችና ትምህርት ቤቶች ማህበር በዚያ ወር ዲስትሪክታችንን እውቅናውን ለመነጠቅ አንድ እርከን ብቻ በቀረው ደረጃ ላይ አስቀመጠው። ወቀሳው በተማሪዎቹም በመምህራኑም ላይ አልነበረም። ዘጠኝ አባላት የነበሩት የትምህርት ቦርድ እርስ በርሱ ይሻኮታል፣ አባላቱ በየትምህርት ቤቱ የዕለት ተዕለት አስተዳደር እጃቸውን ያስገባሉ፣ የሕዝቡንም ገንዘብ በሚገባ አይቆጣጠሩም የሚል ነበር። በተከታዩ የካቲት የስቴቱ የትምህርት ቦርድ እስከ ሌሊት የዘለቀ ችሎት ተቀምጦ ስድስቱ እንዲታገዱ ሐሳብ አቀረበ፤ አገረ ገዢው ናታን ዲልም አገዷቸው። የተቀሩት ሦስቱ የዳኑት ገና መመረጣቸው ስለነበር ነው።

በዚያ ሰሞን የእኛን ሰው እንቅልፍ የነሳው የሆፕ ስኮላርሺፕ ጉዳይ ነበር። ከስቴቱ ሎተሪ ገቢ የሚከፈለው ይህ ስኮላርሺፕ እውቅና ካለው ትምህርት ቤት መመረቅን ስለሚጠይቅ፣ ታክሲ እየነዳና ሆቴል እያጸዳ ልጁን ለኮሌጅ ያዘጋጀ ወላጅ፣ ስማቸውን እንኳ በማያውቃቸው ሰዎች ጠብ ምክንያት የልጁ ድካም ሜዳ ላይ ሊቀር እንደሚችል በድንገት ተረዳ። አዎ፣ ስማቸውን አናውቅም ነበር። ከስድስቱ የታገዱት መካከል የእኔን ሰፈር የሚወክለው ማን እንደሆነ ለማወቅ ጋዜጣ ማገላበጥ ነበረብኝ።

በዚያው የካቲት ዲስትሪክቱን እንዲመሩ የተሾሙት ማይክል ተርመንድ የትምህርት ባለሙያ ሳይሆኑ ጠበቃና የቀድሞ የስቴቱ የሠራተኛ ጉዳይ ኮሚሽነር ነበሩ፤ እንዲያም ሆኖ በአንድ ዓመት ገደማ የእውቅናው ደረጃ ተሻሻለ። ጩኸቱ በረደ፣ የቦርዱም አባላት ቁጥር ወደ ሰባት ዝቅ አለ። ሆኖም ጸጥታውን ከአንድነት ጋር እንዳናምታታ እሰጋለሁ። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2022 የድሩይድ ሂልስ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የትምህርት ቤታቸውን ሕንፃ በስልካቸው ቀርፀው ለሕዝብ አሳዩ፤ የተፈረካከሰ ልስንና ተማሪ ምሳ በሚበላበት ቦታ ላይ የሚፈልቅ ፍሳሽ። አዋቂዎቹ በስብሰባ አዳራሽ ሲተላለፉ የኖሩትን ጉዳይ ልጆቹ በጥቂት ደቂቃ ቪዲዮ አደባባይ አወጡት፤ ወሩ ሳያልቅም ቦርዱ የዲስትሪክቱን ዋና ኃላፊ፣ ሱፐርኢንተንደንቷን፣ አሰናበተ። በእኔ አስተያየት አንድን ሰው ማሰናበት ለተፈረካከሰ ልስን መልስ አይሆንም፤ ሕንፃው በዕድሳት ቅደም ተከተል ውስጥ ይግባ ወይስ አይግባ ብሎ የወሰነው ራሱ ቦርዱ ነበርና።

ለእነዚህ ሕንፃዎች የምንከፍለው እኛም ነን። በካውንቲው ከምንገዛው ዕቃ ከእያንዳንዱ ዶላር አንድ ሳንቲም ለትምህርት ቤቶች ግንባታ ይሰበሰባል፤ መራጩ ሕዝብም በየአምስት ዓመቱ ያድሰዋል። ክላርክስተን ካለው ሱቅ እንጀራና በርበሬ የሚገዛ ሰው፣ ዜግነት ቢወስድም ባይወስድም፣ ያችን ሳንቲም ከፍሎ ነው የሚወጣው። ስለዚህ ቦርዱ ፊት ቀርበን ስንጠይቅ እንደ እንግዳ አንገታችንን ልንደፋ አይገባም።

ሌላውን ከመጠየቃችን በፊት ግን ስለ ራሴ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። ትልቁ ልጄ ስድስተኛ ክፍል ሲገባ የሰፈራችንን ትምህርት ቤት ስለፈራሁት፣ በአንድ ዘመዴ የመብራት ቢል ራቅ ያለ ሰፈር አስመዘገብኩት። በመጀመሪያው ቀን ጠዋት መኪና ውስጥ ሆነን የማናድርበትን ቤት ቁጥር ደጋግሜ አስጠናሁት። ዛሬ ኮሌጅ ጨርሷል፤ ያንን የቤት ቁጥር ግን አሁንም በቃሉ ይወጣዋል፣ ይስቅብኛልም። እኔን የሚያሳፍረኝ ውሸቱ ብቻ አይደለም። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሰፈሬ ትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ ላይ አንድም ቀን አልተገኘሁም፤ የጎረቤቶቼ ልጆች እዚያው ሲማሩ እኔ ስለ ጣሪያውም ስለ መምህሩም የምጠይቅበትን አፍ በገዛ እጄ ዘጋሁ። ከመካከላችሁ ፈገግ የምትሉ አያለሁ፤ ብቻዬን እንዳልሆንኩ አውቃለሁ።

ስለ አንድነት ስናወራ ደግሞ የራሳችንን ቤት መዝለል አይቻልም። አገር ቤት በደረሰው መከራ የተነሳ ባለፉት ዓመታት ከመካከላችን ሰላምታ ያቋረጡ አሉ። የአንዷን ልጅ ሌላዋ እየወሰደች በተራ ትምህርት ቤት ያመላልሱ የነበሩ ሁለት እናቶች ዛሬ በሁለት መኪና፣ በአንድ ሰዓት፣ ወደ አንድ በር ይመጣሉ፤ ልጆቻቸው ከመኪና እንደወረዱ ተቃቅፈው ይገባሉ። ማንም የሚያምንበትን እንዲተው አልጠይቅም፤ ይህ ማህበርም የፖለቲካ ሸንጎ አይሆንም። ልጆቹ በሚገቡበት በር ላይ ግን አብረን መቆም ያቅተናል ብዬ አላምንም።

አብሮ መቆም ከትንሽ ነገር ይጀምራል። ባለፈው ዓመት ከአንድ እናት ጋር መምህሯን ለማነጋገር ሄጄ ነበር። መምህሯ ረዘም ላለ ጊዜ፣ ወረቀት እያሳየች ተናገረች፤ የሚያስተረጉመው የአሥር ዓመቱ ልጃቸው «ጎበዝ ነው ትላለች» ብሎ አሳረፈው። ወረቀቱን ስመለከት ልጁ ያላስረከበው የቤት ሥራ ዝርዝር ነው። ሳቅን፣ ግን የሚያስቅ አልነበረም። ትምህርት ቤት ለወላጅ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ በፌዴራል ሕግ አለበት፤ እኛ ደግሞ የመጠየቅ መብት እንዳለን ሳናውቅ ልጆቻችንን የራሳቸው ጉዳይ ዳኛ አድርገናቸዋል።

ሥራ አስፈጻሚው ለዚህ ጉባኤ የሚያቀርበው ሐሳብም ከዚሁ የመነጨ ነው። በየወሩ የቦርዱ ስብሰባ ላይ ሁለት አባላት በተራ ይገኙ፣ የሰሙትንም በአማርኛ ጽፈው ለሁላችንም ይላኩ፤ አስተርጓሚ የሚጠየቅበትን ደብዳቤ አዘጋጅተን ለእያንዳንዱ ቤተሰብ እናድል፤ የማህበራችንም ገንዘብ ከእንግዲህ በግለሰብ ስልክ መሰብሰቡ ቀርቶ ሁለት ሰው በሚፈርምበት የባንክ ሒሳብ ይቀመጥ፣ ደረሰኙም ማንም አባል ሲጠይቅ ይታይ። የመጨረሻው ነጥብ እኔንም ይመለከታል፤ ካለፈው የአዲስ ዓመት በዓል ዝግጅት የቀሩ ደረሰኞች እጄ ላይ ስላሉ ዛሬ ለኦዲት ኮሚቴው አስረክባለሁ።

የቦርድ አባላት ምርጫ የሚደረገው በግንቦት፣ የኅዳሩ የፖለቲካ ግርግር ገና ሳይጀመር ነው፤ ድምፅ መስጠት የምትችሉ ሰፈራችሁ ተራው ሲደርስ እንዳያልፋችሁ። ለቦርዱ ስብሰባ ተራ መግባት የምትፈልጉ ስማችሁን የምትጽፉበት ወረቀት በሻይው ጠረጴዛ ላይ አለ፤ የመጀመሪያው መስመር ላይ እኔ ተመዝግቤአለሁ፣ ሁለተኛው ክፍት ነው። አሁን ገንዘብ ያዣችንን ወደ መድረክ እጋብዛለሁ።